የውጭ አገር አስተማሪ በቅዳሜና በእሑድ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ከእናንተ መካከል በዕድሜ ጠና ያላችሁት ሒሳቡን ከሕንዳዊ፤ እንግሊዝኛውንም ከአሜሪካዊ ወይም ከእንግሊዛዊ መምህር ተምራችሁ ይሆናል። ወጣቶቹም ብትሆኑ በዩኒቨርሲቲ ቢያንስ አንድ የውጭ አገር መምህር ሳያጋጥማችሁ አልቀረም። የእነዚህን ሰዎች ድምፅና የእጅ ጽሕፈት፤ በማርክ አሰጣጥም ቸር ወይም ንፉግ መሆናቸውን ዛሬም ታስታውሳላችሁ። ደወሉ ተደውሎ ከክፍል ከወጡ በኋላ ግን ወዴት ይሄዱ እንደ ነበር፤ ምሳቸውን ምን ይበሉ፤ የዕረፍት ቀናቸውንም ከማን ጋር ያሳልፉ እንደ ነበር ብትጠየቁ ብዙዎቻችሁ የምትመልሱት አታገኙም። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነንም ሐዋሳን፤ ከሐዋሳም ወደ ደቡብ ወጣ ብላ በሐይቁ በኩል የምትገኘውን ቡሹሎን እንመለከታለን።

አስቀድመን ታሪኩን ባጭሩ እናንሣ። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1945 የካናዳ ኢየሱሳውያን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን የማስተማር ሥራ ተረከቡ፤ ከእነርሱም አንዱ ዶክተር ሉሲየን ማት በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መሩ። ሕንዳውያን መምህራን ደግሞ በብዛት እየተቀጠሩ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ተበተኑ። በመጨረሻም በ1962፤ የእኛ አዲስ ዓመት 1955 ሊብት በተቃረበበት ሰሞን፤ ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች በአንድነት አዲስ አበባ ገቡ። ክረምቱን በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ጥቂት አማርኛ ሲማሩ ቆይተው ነበር። የእነዚህ ወጣቶች መምጣት በአገሪቱ የነበሩትን ባለዲግሪ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቁጥር እጥፍ ለማድረስ የቀረበ ነበር ይባላል። አዲስ አበባ የቀሩት ቀርተው የበዙት ወደየአውራጃው ከተማ ተላኩ። ከእነርሱም አንዱ በጅማ መንገድ በምትገኘው በወሊሶ፤ በዚያን ጊዜ ስሟ በግዮን፤ ከ1962 እስከ 1964 ያስተማረው ጳውል ሶንጋስ ነው። ይህ ሰው በኋላ የማሳቹሴትስ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኖ፤ በ1992 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ለመመረጥ በፓርቲው ውስጥ ተወዳድሯል።

ይህን ያህል የውጭ ሰው ለምን አስፈለገ ቢባል፤ የመምህር እጥረት ዋናው ምክንያት ቢሆንም፤ ነገሩን የሚቻል ያደረገው የማስተማሪያው ቋንቋ ነው። በዚያን ዘመን በተሠራበት ሥርዓት አንደኛ ደረጃው በአማርኛ ሆኖ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ አንድ ቃል አማርኛ የማያውቅ ሰው ትናንት ከአውሮፕላን ወርዶ ዛሬ ጂኦግራፊ ወይም ኬሚስትሪ ሊያስተምር ይችል ነበር። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጉዳቱ ግን ብዙ አልተነገረለትም፤ ይኸውም የውጭ አገር አስተማሪ ሥራውን እያከናወነ፤ ደመወዙንም እየተቀበለ፤ ያለበትን አገር ሳያውቅ ሁለት ዓመት ሊኖር መቻሉ ነው። ሥራው አገሩን እንዲያውቅ አያስገድደውም። የሚያስገድደው ነገር ቢኖር ገበያው፤ መንገዱ፤ የጎረቤት ቡና፤ የቅዳሜና የእሑድ ሽርሽር ነው። እንግዲህ ሽርሽሩን እንደ መዝናኛ ብቻ ብንቈጥረው ዋናውን ነገር እንስታለን።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሰዓትና በስም ስሕተት ያልቃሉ። «ነገ በሁለት ሰዓት ስብሰባ አለ» ሲባል በአገሩ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ መስሎት ስብሰባው ከተበተነ በኋላ ብቅ ይላል። የስም መጥሪያውን ሲሠራም የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቈጥሮ «ተስፋዬ!» ብሎ ይጠራል፤ ተስፋዬ ግን የልጁ አባት ናቸው፤ እርሳቸውም በዚያ ሰዓት እርሻ ላይ ናቸው። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ዲሬክተሩን «አንተ» ብሎ፤ የአምስት ዓመት ሕፃን «እርስዎ» የሚልበትም ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ በቶሎ የሚታረም ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው ያርሙታል፤ መምህርን ማረም ያስደስታቸዋልና።

በሥራ ቀን ኑሮው እንደ ማንኛውም መምህር ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ይቆማል፤ ሲያስተምር ይውላል፤ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ሻይ ይጠጣል፤ ማታ ደብተር ያርማል። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ብቻ ባለበት ምግብ ቤት ሥጋ ሲያጣ ግር ይለዋል፤ ቈይቶ ግን ከሥጋው ይልቅ በያይነቱን የሚመርጥ ሆኖ ይገኛል። ከሁሉ የሚከብደው ምሽቱ ነው። የአገሩ ሰው በምሽት ከቤተሰቡ ጋር ነው፤ የውጭው መምህር ግን በሩን ዘግቶ ብቻውን ይቀመጣል። ከሥራው ሳይጠላ በምሽቱ ጸጥታ ተሸንፎ ውሉን ሳይጨርስ የሚሄድ መምህር አለ። ጎረቤት «ቡና ጠጣ» ብሎ መላኩ በዚህ ሰዓት ከደመወዝ ጭማሪ ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም አቦሉ ከቶናው፤ ቶናው ከበረካው እስኪደርስ ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ የሰው ድምፅ ይሰማል።

ቅዳሜ ሲመጣ የሐዋሳ መምህር የመጀመሪያ መሄጃው አሞራ ገደል ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ሌሊቱን መረባቸውን ጥለው ሲነጋ በጀልባ ይመለሳሉ። ቆሮሶውና አምባዛው በዳር ይወርዳል፤ ልጆች በቢላዋ ቅርፊቱን ይፍቃሉ፤ የዓሣውን ሆድ ዕቃ ለመልቀም አባ ኮዳዎች ራሰ በራ ሆነው፤ የቆዳ ከረጢታቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው፤ እንደ ሽማግሌ በሰው መካከል ይንቀሳቀሳሉ። የውጭው ሰው ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል፤ የሐዋሳ ሰው ግን ዞር ብሎም አያያቸው። ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የሚበላውም፤ የዓሣ ሾርባ የሚጠጣውም እዚሁ ነው። አሞራ ገደልን ከመዝናኛ ቦታነቱ ይልቅ እኔ የማደንቀው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ ሲፍቅ የሚታየው ልጅ ሰኞ በ9ኛ ክፍል ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚገኝ መሆኑ ነው። መምህሩ ያን ልጅ እዚያ ካየው በኋላ በክፍል ውስጥ እንደ ቀድሞው አያየውም።

ሐይቁን ራሱን በጥቂቱ መግለጽ ያስፈልጋል። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎሜትር ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች ትንሹ ከሚባሉት ነው። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ በላዩ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም፤ ይህም ሆኖ ውኃው ጨዋማ ሳይሆን ይኖራል። በአጠገቡ የታቦር ተራራ አለ፤ ከዚያ ላይ ሲታይ ከተማውና ሐይቁ አንድ ላይ ተዘርግተው ይታያሉ። አብዛኛው እንግዳ መምህር ሽርሽሩን እዚህ ላይ ያቆማል። ከሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ተቀምጦ ቢራውን እየጠጣ ፀሓይ ስትገባ ያያል። ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሐዋሳን ያየው ከወንበር ላይ ነው።

ቡሹሎ ለመሄድ ግን ባጃጅ ተሳፍሮ ወይም በእግር ከከተማው ወጣ ማለት ያስፈልጋል። ቡሹሎ በብዙ ሰው ዘንድ የምትታወቀው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሚተዳደረው የእናቶችና የሕፃናት ጤና ማዕከሏ ነው፤ ከሩቅ ሳይቀር ነፍሰ ጡሮች ወደዚያ ይመጣሉ። መንገዱን ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን አስቀድሞ የሚታየው የእንሰት ተክል ነው። በየጎጆው ዙሪያ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሞ፤ ለማያውቀው ሰው ሙዝ ይመስለዋል፤ ፍሬውንም ይፈልጋል። ፍሬ እንደማይበላለት፤ የሚበላው ግንዱና ሥሩ መሆኑን ሲነገረው ይደነቃል። ሴቶች ግንዱን እየፋቁ ጭማቂውንና ሥጋውን ይለያሉ፤ የተፋቀውም በቅጠል ተሸፍኖ በጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፤ ከዚያም ለወራት እየኮመጠጠ ይቆያል፤ ከዚያ ወጥቶ ተጨምቆና ተከትፎ በምጣድ ይጋገራል። እኛ ቆጮ የምንለውን ሲዳማዎች ዋሳ ይሉታል። በቅቤ ታሽቶ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ሲቀርብም ቡርሳሜ ይባላል። እንግዳው ሲጠረጥር ይጀምራል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን ራሱ ይጠይቃል።

በቡሹሎ የሚጠብቀው ሌላው ነገር የቋንቋ ጉዳይ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሲደክምበት የቆየውን አማርኛ ለመሞከር «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ወደ አንድ ግቢ ሲገባ፤ አሮጊቷ «ዳኤ ቡሹ» ብለው በሲዳምኛ ይቀበሉታል። እንኳን ደኅና መጣህ ማለታቸው ነው። ከዚህ በኋላ የሚሉትን ግን አንዱንም አይሰማም። ያን ጊዜ በክፍሉ ካሉት ልጆች መካከል ብዙዎቹ በቤታቸው ሲዳምኛ፤ በገበያ አማርኛ፤ በክፍል እንግሊዝኛ እየተናገሩ መሆናቸው ይገለጥለታል። በሰኞ ትምህርት «ይህ ልጅ ለምን ፈጥኖ አይመልስም?» ብሎ ሲበሳጭ የነበረው፤ ልጁ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ተርጕሞ፤ መልሱንም እንደገና ሁለት ጊዜ ተርጕሞ የሚመልስ መሆኑን ይረዳል። ይህን የሚነግረው የትምህርት መጽሐፍ የለም። አንድ ቅዳሜ በእግር መሄድ ግን ይነግረዋል። እንደዚሁም ከከተማው ውጭ ያሉ ልጆች ስንት ሰዓት ተጕዘው እንደሚመጡ፤ ከመምጣታቸውም በፊት ውኃ ቀድተውና ከብት አውጥተው መሆኑን ሲያይ፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስለሚያንቀላፋው ተማሪ ያለው አስተያየት ይለወጣል።

ጊዜው ከገጠመለት የፊቼ ጨምበላላን በዓል ያያል። ይህ የሲዳማ አዲስ ዓመት ነው። በ2015 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፤ የሳይንስና የባህል ድርጅት የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዓሉ የሚውልበትን ቀን አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች የከዋክብትን ጉዞ ተመልክተው ይወስናሉ፤ ስለዚህ ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በዋዜማው ከቀርከሃ በተሠራው ሁሉቃ ውስጥ ሽማግሌዎች አስቀድመው፤ ሕዝቡም ተከትሎ ያልፋል። በማግሥቱ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ቡርሳሜም ይሰጣቸዋል። በሐይቁ ዳር በጉዱማሌ የሚሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። መምህራችን ገና የኢትዮጵያን 13 ወር ለምዶ ሳይጨርስ በዚህ ሦስተኛ የዘመን አቆጣጠር ይጨመርበታል።

እንግዲህ የውጭው መምህር ወደ ቡሹሎ ሳይሄድ አሞራ ገደል ላይ የሚቀረው በራሱ ስንፍና ብቻ ነውን? አይደለም። እኛም፤ በተለይ በቢሮ የምንሠራው የከተማ ሰዎች፤ ድርሻ አለን። እንግዳን ማክበር ስንል ከመኪና አውርደን ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን፤ በእግሩ ሲሄድ ብናይ እናፍራለን፤ የከፈለውን ሒሳብ እንመልስለታለን፤ ገጠር ልሂድ ሲል «ምን አለና?» እንለዋለን። ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። እንግዳው አማርኛ ሲሞክር ገና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ እኛ በእንግሊዝኛ እንመልስለታለን። እንግሊዝኛችንን ለማሠራት የምናገኘው እርሱን ብቻ ነውና ልንተወው አንወድም። እርሱ ሊማር የመጣውን እኛ ነጥቀን የራሳችንን ትምህርት እናደርገዋለን ማለት ነው። በመንገድ ላይም «ፈረንጅ፤ ፈረንጅ» እየተባለ መጠራቱን መጀመሪያ እንደ ጨዋታ ቢወስደውም፤ በዓመቱ መጨረሻ በየቀኑ ስሙን ሳይሆን የቆዳውን ስም መስማት ይሰለቸዋል።

ስለ ሕንዳውያኑ መምህራን አንድ ቃል ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ስለ ሰላም ጓድ ብዙ ተጽፏል፤ አባሎቹም ራሳቸው ጽፈዋል። የሕንዱ መምህር ግን በአብዛኛው ሁለት ዓመት ሳይሆን ከዚያ የረዘመ ጊዜ፤ ብዙ ጊዜም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር፤ አሜሪካዊው ሄዶ ሌላ አሜሪካዊ ሲተካ እርሱ እዚያው ከተማ ውስጥ ቆይቷል። የሰላም ጓድ በ1977 ከአገሪቱ ሲወጣ በየትምህርት ቤቱ የቀሩ ሕንዳውያን ነበሩ። ሒሳብንና ሳይንስን ለስንት ትውልድ አስተምረዋል። ይሁን እንጂ ቤተሰብ አላቸው፤ ብቸኝነት አይሰማቸውም ብለን ቡና ጠጡ ያልናቸው ጥቂቶች ነን። እሑድ እሑድ በገበያ መካከል ኮረሪማና እርድ እየመረጡ ሲዞሩ እናያቸው ነበር፤ ቤታቸው ገብተን የቀመስን ግን ስንቶቻችን ነን? በትንሽ ከተማ ውስጥ ያደጉት ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር በአማርኛ እየተጫወቱ፤ ወላጆቹ ከወላጆቻችን ጋር ሳይተዋወቁ ቀሩ።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አለመሆኑን ለማስረዳት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ወደ ኮሪያ ጥቂት እንሻገር። ኮሪያ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አገር አይደለችም፤ ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን እዚያ ተዋግተዋል፤ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናትም ማሳደጊያ አቋቁመዋል። በዚያን ዘመን እጅግ ደኻ የነበረችው ይህች አገር ከ1966 እስከ 1981 ድረስ እንደ እኛ የሰላም ጓድ መምህራንን ትቀበል ነበር። ከእነርሱም አንዷ ካትሊን ስቲቨንስ ከ1975 እስከ 1977 የሳን በምትባል የገጠር ከተማ እንግሊዝኛ አስተማሩ። ሺም ኡን ግዮንግ የሚል የኮሪያ ስምም ወጣላቸው። እኒያው ሴት በ2008 የአሜሪካ አምባሳደር ሆነው ወደ ሶል ሲመለሱ ኮሪያኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ አምባሳደር ነበሩ። ኮሪያኛም እንደ አማርኛ ለታላቅና ለታናሽ የተለያየ አነጋገር ያለው ቋንቋ ስለ ሆነ፤ ይህን በክፍል ውስጥ ብቻ መልመድ አይቻልም፤ በማዕድ ዙሪያና በተራራ መንገድ ላይ ነው የሚለመደው። የኮሪያ ሰው በዕረፍት ቀኑ ተራራ መውጣት ይወዳል፤ የውጭውን መምህርም ይዞት ይወጣል።

ኮሪያ ከበለጸገች በኋላ በ1995 በጀመረችው መርሐ ግብር እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ መምህራንን በደመወዝ ትቀጥራለች፤ ቤትም ትሰጣቸዋለች። በ1991 ባቋቋመችው የትብብር ድርጅትም የራሷን ወጣቶች ወደ ውጭ ትልካለች፤ ወደ ኢትዮጵያም መጥተዋል። ተቀባይ የነበረችው ላኪ ሆነች ማለት ነው። በእኛ መንገድ ላይ የሚያልፈው ኮሪያዊ ወጣት ግን «ቻይና! ቻይና!» ሲባል ይውላል። አያቱ ከአገራችን ወታደር ጋር በአንድ ምሽግ ውለው ሊሆን ይችላል። ቃሉ ስድብ አለመሆኑን ብናውቅም፤ አገሩን ብንጠይቀውና በአገሩ ስም ብንጠራው ምን ይጎድለናል?

ዛሬ በየዩኒቨርሲቲውና በየግል ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው የውጭ አገር ሰው እንደ ቀድሞው ብዙ ባይሆንም ጨርሶ አልጠፋም። ወረቀቱን የምታዩለት እናንተ ናችሁ። የሥራ ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ መኖሪያ ፈቃዱም እንደዚሁ ጊዜ አለው። ሐዋሳ ያለ መምህር ለአንዲት ማኅተም ብሎ ወደ 275 ኪሎሜትር ተጕዞ አዲስ አበባ ቢመጣና «ነገ ተመለስ» ቢባል፤ የሚጠፋው የእርሱ ቀን ብቻ አይደለም፤ በዚያን ቀን ባዶ የሚውለው የ40 ወይም የ50 ልጅ ክፍል ነው።

አዲስ መምህር ወደ ከተማችሁ ሲመጣና ወደ ቡሹሎ ልትወስዱት ስታስቡ እነዚህን ልብ በሉ። ከቀትር በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ማለዳ መነሣት ይሻላል። በሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ፤ በዳሩም ቢልሃርዝያ ስለሚገኝ ውኃው ንጹሕ ቢመስለው እንኳ እግሩን እንዳይነክር ንገሩት። ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊት ሰውን አስፈቅዱለት። ከተማሪዎቹ አንዱ የዚያ አካባቢ ልጅ ከሆነ መንገዱን የሚመራው እርሱ ይሁን፤ እናንተ ወደ ኋላ ቀርታችሁ ተከተሉ። ወደ ግቢው ስትደርሱም «ዳኤ ቡሹ» ሲባል መልሱን ልጁ ያስተምረዋል።